ስፒከሩ አልተቀደደም

መገናኛ፣ ከአደባባዩ ወደ ሾላ ገበያ ሲሄዱ ከዋናው መንገድ ገባ ባለች ጠባብ ሱቅ፣ ራዲዮ፣ ቴፕና ስፒከር ሲጠግኑ የኖሩ አንድ አባት አሉ። መደርደሪያቸው ላይ ከሚሸጡት ዕቃ ይልቅ የማይሸጡት ካሴትና ሲዲ ይበዛል፤ ከማሊ እስከ ጃፓን በባህል አውታር የተቀዳ ሙዚቃ ነው። አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወደ ኮተቤ የሚሄደው የታክሲ ሰልፍ አልንቀሳቀስ ቢላት የተበላሸ የጆሮ ማዳመጫዋን ይዛ ገባች። ልጅቷ ማታ ማታ በገና ትማራለች። ጨዋታቸው ይኸው።

ተማሪዋ፦ እንደምን ዋሉ ጋሼ? ይቺ ማዳመጫ በግራ በኩል ድምፅ አልሰጥ አለችኝ። አሁኑኑ ትደርስልኛለች?

ጠጋኙ፦ እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ። ሽቦዋ መሰኪያው አንገት ላይ ተበጥሶ ነው፤ ሁሌም እዚያው ነው የሚበጠሰው። ቁጭ በይ፣ እበይደዋለሁ። ምን ስትሰሚባት ነው እንዲህ ያለፋሻት?

ተማሪዋ፦ ሰሞኑን ኮራ ነው፤ የማሊ የአውታር መሣሪያ። ሳጠና ከፍቼ እተወዋለሁ። መንፈስ ያረጋጋል።

ጠጋኙ፦ ማነው የሚመታው?

ተማሪዋ፦ እሱን እንኳ አላየሁም። ዩቲዩብ ራሱ ያመጣልኛል፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይቀጥላል።

ጠጋኙ፦ ታዲያ «ሰማሁ» አትበይኛ! «ከፍቼ ተውኩት» በይ።

ተማሪዋ፦ እርስዎስ እየበየዱ አይደል የሚሰሙት? በዚህ ዘመን እጁን አጣጥፎ ሙዚቃ የሚሰማ ሰው የት አለ?

ጠጋኙ፦ ሥራ የያዘው እጄ ነው፤ ልቤ ነፃ ነው። አንቺ ግን ልብሽን ለመጽሐፉ ሰጥተሽ ኮራውን ጆሮ ዳባ ልበስ ብለሽዋል። የመቺውን ስም ያለማወቅሽም ከዚያው ነው የመጣው።

ተማሪዋ፦ ስሙን ባውቅ ድምፁ ላይ ምን ይጨምርልኛል?

ጠጋኙ፦ ስሚ እንግዲህ። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣ «የጥንት አውታሮች» የሚባል የማሊ ሸክላ አለ። ኮራ ያለ ዘፋኝ፣ ብቻውን በሸክላ ከወጣባቸው ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ከመቺዎቹ መካከል ሲዲኪ ዲያባቴና ጄሊማዲ ሲሶኮ ይገኙበታል። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1999 የሁለቱ ልጆች፣ ቱማኒ ዲያባቴና ባላኬ ሲሶኮ፣ ሁለት ኮራ ይዘው ተቀመጡና «አዲስ የጥንት አውታሮች» ብለው ሌላ አልበም አወጡ። የአባቶቻቸውን ሥራ ተቀብለው መለሱት ማለት ነው። ያንቺ ስልክ ምናልባት እሱን ሲያጫውትልሽ ከርሟል። ስሙን ካላወቅሽ ግን ልጅ ለአባቱ የሰጠውን መልስ አልሰማሽም፤ የሰማሽው ደስ የሚል ድምፅ ብቻ ነው። ቱማኒም እ.ኤ.አ. በ2024 አረፈ።

ተማሪዋ፦ ይሄን አላውቅም ነበር። ግን እናቴ ይሄን ብትሰማ ደስ አይላትም። «የራስሽን አሥር አውታር ሳትጨርሺ የማሊን ሃያ አንድ ምን አስቆጠረሽ? የሰው ወርቅ አያደምቅ!» ትለኛለች።

ጠጋኙ፦ በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባልም ተረት አለ በያት። እኔ በገናን በቅጡ መስማት የጀመርኩት የሌላውን አገር አውታር ከሰማሁ በኋላ ነው።

ተማሪዋ፦ እንዴት ሆኖ?

ጠጋኙ፦ በካሴት ዘመን አንድ ደንበኛ ቴፑን ተሸክሞ መጣ። «ስፒከሩ ተቀዷል፣ ቀይርልኝ» አለኝ። ፈትቼ አየሁት፤ ወረቀቱም ጥቅሉም ደህና ነው። ሌላ ካሴት ብከት ጥርት አድርጎ ይዘፍናል። «ታዲያ በየትኛው ካሴት ነው የሚንቀጠቀጠው?» ብለው፣ ከኪሱ የዐቢይ ጾም የበገና ካሴት አወጣ! «ወንድሜ፣ ስፒከሩ አልተቀደደም፤ እንዚራው ነው» ብዬ ቴፑን መለስኩለት።

ተማሪዋ፦ እኛም መጀመሪያ የተማርነው እንዚራን ነው። እያንዳንዱ አውታር በርኩማው ላይ በሚያርፍበት ቦታ ከሥሩ ቀጭን የቆዳ ቁራጭ ትገባለች። ቁራጯን በጣትዎ ወደፊት ወደኋላ ሲገፉ አውታሩ መጀመሪያ ደረቅ ድምፅ ይሰጣል። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ድንገት መንዘር ይጀምራል። ያቺን ቦታ ትንሽ ካለፏት ደግሞ ይታፈናል። ከቅኝቱ ይልቅ እኔን የሚያደክመኝ እሱ ነው። አሥሩንም አንድ ዓይነት ማስነዘር ቀላል አይደለም።

ጠጋኙ፦ አየሽ፣ ያ ሰውዬ ብልሽት መስሎት ለማስጠገን ያመጣው አንቺ ተጨንቀሽ የምትፈልጊውን ነገር ነው። ደግሞ የኛ ብቻ አይደለም። የህንዶቹን ሲታርና ታምፑራ ተመልከቺ። አውታሩ የሚያርፍበት በርኩማ ሰፊና በጣም ትንሽ ጎበጥ ያለ ነው፤ አውታሩ ሲመታ ያንን ገጽታ እየነካካ ይነዝራል። ታምፑራ ላይ እንዲያውም ከአውታሩ ሥር ክር ያስገባሉ፤ ልክ እንዳንቺ እንዚራ ክሯን እየገፉ ቦታዋን ይፈልጋሉ። ኮራ ላይ ደግሞ ዙሪያዋን ቀለበት የተሰካባት ቀጭን ብረት በርኩማው ላይ ያስሩ ነበር፤ አውታሩ በተመታ ቁጥር ብረቷ ትርገፈገፋለች። እንጦጦና የማሊዋ ባማኮ፣ ባማኮና የህንዷ ቤናሬስ መቼ ተማከሩ? ንጹሕ ድምፅ የሁሉም ሕዝብ ምኞት አይደለም። ይሄን ያስተማሩኝ ሲታሩና ኮራው ናቸው። ከዚያ በኋላ ነው የገዛ በገናዬ ንዝረት ትርጉም የሰጠኝ።

ተማሪዋ፦ አንድ ነገር ገረመኝ። ውጭ አገር ላለው ወንድሜ በቪዲዮ ስልክ በገና ደረደርኩለት። «ድምፅሽ ይሰማል፣ በገናሽ ግን እየተቆረጠ ይጠፋል» አለኝ። ኔትወርክ ነው ብዬ ተውኩት።

ጠጋኙ፦ ኔትወርክ ላይሆን ይችላል። እነዚያ መደወያዎች የተሠሩት ለንግግር ነው። የሰው ድምፅ ያልሆነውን፣ በተለይ ሳያቋርጥ እዝ የሚለውን ነገር፣ የቬንትሌተር ጩኸት ነው ብለው ያጠፉታል። ለማሽኑ እንዚራና ቬንትሌተር አንድ ናቸው። ቀርጸሽ ላኪለት፤ ስትቀርጪም «ድምፅ አጽዳ» የሚለውን ነገር አትንኪው።

ተማሪዋ፦ ታዲያ በዚች በስልኬ ትንሽ ስፒከር በገና እንዴት ነው የሚሰማኝ? በገና ወፍራም ድምፅ ነው፤ እሷ ደግሞ የጥፍር ያህል ናት።

ጠጋኙ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። የስልክ ስፒከር ወፍራሙን ድምፅ ማውጣት አትችልም፤ እሱን እርግጠኛ ሁኚ። ነገር ግን እንዚራው ከአንዱ ወፍራም ድምፅ በላይ ብዙ ቀጫጭን ድምፆች ይፈጥራል። ስፒከሯ እነሱን ታወጣለች። የሰው ጆሮ ደግሞ ቀጫጭኖቹን ከሰማ የጎደለውን ወፍራም ራሱ ይሞላዋል። የድምፅ ተማሪዎች በደንብ የሚያውቁት ነገር ነው። ስለዚህ በገናው በስልክሽም ዜማው አይጠፋም። ሆድ ውስጥ የሚገባው ክብደቱ ግን ይቀራል። ለዚህ ነው ማዳመጫሽን በደንብ የምበይድልሽ!

ተማሪዋ፦ እሺ፣ ድምፁን አስረድተውኛል። እኔን የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። በገና እኮ ጸሎት ነው። የዳዊት ነው፣ አሥሩ አውታር የአሥርቱ ትእዛዛት ምሳሌ ነው እየተባልን ነው የምንማረው። በጾም ነው የሚደረደረው። ፓሪስ ያለ ሰው «የዓለም ሙዚቃ» ከሚለው መደርደሪያ ላይ አንስቶ፣ ወይኑን ይዞ ቢደሰትበት ልክ ነው?

ጠጋኙ፦ የመጋቤ ስብሐት ዓለሙ አጋን ነገር ታውቂያለሽ?

ተማሪዋ፦ በገና ይዞ እሳቸውን የማያውቅ አለ?

ጠጋኙ፦ እ.ኤ.አ. በ1950 የተወለዱት እዚሁ ከበላያችን እንጦጦ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆናቸው የበገና መምህሩ አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ጎረቤት ሆነው መጡ፤ ከሳቸው ተማሩ። ዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፊ አጥንተው፣ ኋላ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና አስተማሩ። በደርግ ዘመን ለመንፈሳዊ ዜማ ቦታ ሲጠብ ማስተማሩን ተዉ። አሁን ልብ በይ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሲንቲያ ኪምበርሊን የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ መጥታ ለዩኔስኮ ስብስብ ቀድታቸው ነበር። ኋላም ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅቶት ፓሪስ ላይ በታተመው «ኢትዮጲክስ» የሙዚቃ ተከታታይ ውስጥ 11ኛው ቅጽ የሳቸው በገና ሆነ። እዚህ በሩ ሲጠብ በገናው በዚያ መደርደሪያ ላይ ቆየ። ወይኑን ይዞ የሰማው ሰውዬ ባይገዛው ኖሮ ያ ቅጽ ባልታተመ ነበር።

ተማሪዋ፦ መትረፉ አንድ ነገር ነው፤ መሰማቱ ሌላ። በገና ላይ ዋናው ቃሉ ነው። ደርዳሪው ስለ ሞት፣ ስለ ንስሐ፣ ስለ ዓለም ከንቱነት ይናገራል፤ አውታሩ የሚከተለው እሱን ነው። አማርኛ የማይሰማ ሰው ግማሹን ነው የሚያገኘው።

ጠጋኙ፦ እውነት ነው። ግማሽ ነው።

ተማሪዋ፦ ታዲያ እርስዎስ? ማንዲንካ ይሰማሉ? ኮራ መቺው የሱንጃታ ኬይታን ታሪክ ሲተርክ ምን ያገኛሉ?

ጠጋኙ፦ ያዝሽኝ! እኔም ግማሽ ነው የማገኘው። ግን ግማሽነቱን አውቆ የሚሰማና ሳያውቅ የሚሰማ ይለያያሉ። እኔ ቃሉን ባልሰማም ያ ሰው ጄሊ መሆኑን፣ ሙያው ከቤተሰብ እንደኛ አዝማሪ እንደሚወረስ፣ የሚያወድሰውም ማሊን የመሠረተውን ንጉሥ መሆኑን አውቃለሁ። ስለዚህ አውታሩ ሲፈጥን ስሙ እየተጠራ ነው፣ ሲያርፍ ነገር ሊመጣ ነው ብዬ እከተላለሁ። ፓሪስ ያለውም ሰው በገና ለምን ጉዳይ እንደሚደረደር ካወቀ ወይኑን ራሱ ያስቀምጣል። አውቆ ካላስቀመጠ ጉዳቱ የራሱ ነው እንጂ የበገናው አይደለም።

ተማሪዋ፦ እንግዲህ ማን እንደመታውና ለምን እንደሚመታ ማወቅ ይበቃል ነው የሚሉኝ?

ጠጋኙ፦ ለመጀመር ይበቃል። ቀሪውን ጆሮ ያመጣዋል። አንቺ ራስሽ ሳታስቢው ያገኘሽው ነገር የለም?

ተማሪዋ፦ አለ እንጂ! አንድ ቀን የኦኪናዋ ሙዚቃ መጣልኝ፤ በጃፓን ደቡብ ያሉት ደሴቶች። ሦስት አውታር ያላት፣ የእባብ ቆዳ የለበሰች መሣሪያ ናት። ሰማሁና «ይሄማ ባቲ ነው!» ብዬ ተነሣሁ።

ጠጋኙ፦ ሳንሺን ትባላለች። አልተሳሳትሽም። የኦኪናዋ አምስት ድምፆች ከባቲ ቅኝት ጋር አንድ ናቸው፤ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ። ግን ዘመድ ነን ብለሽ እንዳትሮጪ። አምስት ድምፅ የሚመርጥ ሕዝብ ብዙ ነው፤ ምርጫው አንዳንዴ ይገጥማል። ልዩነቱን ስሚ። እነሱ አንዱን ድምፅ ነክተው በቶሎ ያልፋሉ፤ የኛ ክራር መቺ ወይም ዘፋኝ እዚያው ድምፅ ላይ ይንቀጠቀጥበታል፣ ያስለቅስበታል። ድምፆቹ አንድ ሆነው አገሩ የሚለየው እዚያ ላይ ነው። የሥጋ ዘመድ ከፈለግሽ ደግሞ ቅርብ አለልሽ።

ተማሪዋ፦ የት?

ጠጋኙ፦ ዓባይን ተከትለሽ ውረጂ። ክራር ሱዳን ሲደርስ ታምቡር ይሆናል፤ ግብፅ፣ ፖርት ሳይድና ስዊዝ ሲደርስ ሲምሲሚያ ይባላል። ወደ ደቡብ ብትሄጂ ኬንያ ሉዎዎች ዘንድ ስምንት አውታር ያለው ኛቲቲ ታገኛለሽ። አዩብ ኦጋዳ እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣውን አልበም ስሚ፤ ከዚያ ውስጥ «ኮትቢሮ» የሚለው እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣ ፊልም ተሰምቶ ዓለምን ዞሯል። ሁሉም ሁለት ቋሚ፣ አንድ ቀንበርና ገበቴ ናቸው። ኢራቅ፣ ዑር ላይ ከመቃብር የወጡት አራት ሺህ አምስት መቶ ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ መሣሪያዎችም ቅርጻቸው ይኸው ነው። ከነሐስ ዘመን ተነሥቶ ዛሬም ሰው ቤት ውስጥ የሚመታው ግን በአብዛኛው በኛ አካባቢ ነው።

ተማሪዋ፦ ከሰሙት ሁሉ አንድ ሰው ይምረጡ ቢባሉ?

ጠጋኙ፦ ሀምዛ ኤል ዲን። ኑቢያዊ ነበር፤ ዑድ ነበር የሚመታው። የተወለደበት መንደር ቶሽካ፣ የአስዋን ግድብ ሲሠራ ሐይቁ ዋጠው። እ.ኤ.አ. በ1971 «እስካላይ» የሚል ሥራ አወጣ፤ በበሬ እየተሽከረከረ ከዓባይ ውኃ የሚቀዳው መዘውር ማለት ነው። ከሃያ ደቂቃ በላይ አንድ ዑድ፣ አንድ ድምፅ። መዘውሩ ይዞራል፣ ይዞራል፣ ልጁ በሬውን እየነዳ ያንቀላፋል። አምስተኛው ደቂቃ ላይ ይሰለችሻል። አሥረኛው ላይ መሰልቸትሽን ትረሺዋለሽ። መንደሩ መስጠሙን ካወቅሽ ደግሞ መዘውሩ እንዲቆም አትፈልጊም። ውኃውም ከጎጃምና ከጎንደር የወረደ ነው፤ ባዕድ አይምሰልሽ።

ተማሪዋ፦ ሃያ ደቂቃ! ማን ጊዜ አለው ጋሼ?

ጠጋኙ፦ የኮተቤ ታክሲ ሰልፍ ስንት ደቂቃ አስቆመሽ?

ተማሪዋ፦ (እየሳቀች) እሱን አይጠይቁኝ፤ ሁለት እስካላይ ይወጣዋል።

ጠጋኙ፦ ጊዜማ አለን። የጠፋው ነገር አንድን መሣሪያ እስከ መጨረሻው መታገሥ ነው። እስቲ የኛን ጣቢያዎች ተመልከቺ። ጾም ሲገባ በገና ይከፈታል፤ ሁለት ጊዜ እንደተደረደረ ተራኪው ንግግሩን ይጭንበታል፣ ንግግሩ ሲያልቅ በገናውም ይቆረጣል። ክራር የሆቴል እንግዳ መቀበያ ሆኗል። ዋሽንት የእርሻ ዜና መግቢያ ነው። አውታሩን እንደ በርበሬ ሌላ ነገር ላይ ይነሰንሱታል እንጂ እሱን ራሱን ማዕድ አድርጎ የሚያቀርበው የለም።

ተማሪዋ፦ ሰው ስለማይሰማው ነዋ! ጣቢያውም የሚኖረው በማስታወቂያ ነው። አሥር ደቂቃ ክራር ብቻ ቢለቁ ሰው ጣቢያ ይቀይራል።

ጠጋኙ፦ አስናቀች ወርቁን ቢለቁ አይቀይርም። ተዋናይትም ነበረች፤ ክራሯን ስትገርፍ ዘፈኑን አትጫወተውም፣ ትተውነዋለች። ትቀልዳለች፣ ትወጋለች፣ ድንገት ዝም ትላለች፤ ክራሩ ይመልስላታል። የኢትዮጲክስ 16ኛ ቅጽ የሷ ነው። በድምፅዋና በክራሯ እስከ መጨረሻው ይይዝሻል። ሜሪ አርምዴ አለችልሽ፣ ካሣ ተሰማ አለልሽ። ሰው ጣቢያ የሚቀይረው ማን እንደሆነ ሳይነገረው፣ መግቢያውም መጨረሻውም ተቆርጦ ሲቀርብለት ነው። አንቺም ኮራውን እንደዚያው ነው ስትሰሚው የነበረው፤ ጥፋቱ የጣቢያው ብቻ አይደለም።

ተማሪዋ፦ እሺ፣ ይሄን ልቀበል። ግን አንድ ነገር አይካዱኝ። የኛን ቀረጻ ሳይቀር እየዘረዘሩልኝ ያሉት የፈረንሳይ ቅጽ ቁጥር እየጠሩ ነው። የራሳችን መደርደሪያ የት ነው?

ጠጋኙ፦ እሱ ነው ቁም ነገሩ። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በርሊን ሄደው ድምፃቸውን ሸክላ ላይ ካስቀረጹ መቶ ዓመት አልፎታል። መቶኛ ዓመቱን አስቦ በ27ኛው ቅጽ ያወጣው ያው «ኢትዮጲክስ» ነው። ፈረንሳዮቹን አመሰግናለሁ፤ ግን እነሱ የቀዱት የመረጡትን ነው። ያልመረጡት ደርዳሪ፣ ገጠር ያለው ማሲንቆ መቺ፣ ያንቺ የማታ መምህር፣ በማን ይቀዳ? ዛሬ ስልክ ያለው ሁሉ መቅረጫ አለው። ስቱዲዮ ያስፈልጋል አትበይኝ። ጸጥ ያለ ክፍል፣ ስልኩን ከገበቴው አንድ ክንድ ያህል ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ፣ «ድምፅ አጽዳ»ን ማጥፋት፣ ከመጀመሪያው የደርዳሪውን ስም፣ ቦታውን፣ ቀኑንና ቅኝቱን በአፍ መናገር። በቃ። ስም የሌለው ቀረጻ ነገ ባለቤት የለውም።

ተማሪዋ፦ መምህሬ ይፈቅዱ ይሆን?

ጠጋኙ፦ ጠይቂያቸዋ። እምቢ ካሉ አክብሪያቸው፤ በገና ላይ የደርዳሪው ፈቃድ ይቀድማል። እሺ ካሉ ግን ሳታቆራርጪ፣ ሲቃኙ ጀምሮ ቅጂ። ቅኝቱም ትምህርት ነው።

ተማሪዋ፦ ለክፍል ጓደኞቼስ ምን ልበላቸው? እነሱ ይሄን ሁሉ ታሪክ ቁጭ ብለው አይሰሙኝም።

ጠጋኙ፦ ታሪኩን ተይላቸው። ዛሬ ማታ አንድ ቀረጻ ይምረጡ፣ የመታውን ሰው ስም ያንብቡ፣ ሳያቋርጡ ይጨርሱት በያቸው። ከበገና ቢጀምሩ እሰየው። ከኮራ ወይም ከዑድ ቢጀምሩም ግድ የለኝም፤ የሰውን አውታር በሥርዓቱ የሰማ ሰው የራሱን «ስፒከሩ ተቀዷል» ብሎ አይመልስም። በይ፣ ማዳመጫሽ ደርሷል፤ በሁለቱም በኩል ይሰማል።